ባሕር ላይ ነው

ወንድሜን ልጠይቅ ኮሪያ ስሄድ ወንድሜ ከሞተ ስምንት ወር አልፎት ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ እኔ በምኖርበት ዋይትሆል ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ አብረውኝ ካርቶን የሚያሽጉት ያውቃሉ። ቅዳሴ ሲያልቅ ጉንጬን የሚስሙኝ ሴቶች ያውቃሉ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ነቃ ያልኩ የሚመስለኝ ሰው ነኝ፤ ሱፐርቫይዘራችን ከብሬክ ላይ ሁለት ደቂቃ ሲሸራርፍ ቀድሜ የምይዘው እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ግን ፊቴ የተገተረውን ነገር አላየሁም።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ለአጭር ሥልጠና ኮሪያ ሄዶ በዚያው ቀረ። ጥገኝነት ጠየቀ፤ እሺም እምቢም ሳይሉት ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በደቡብ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የዓሣ ጀልባ ሥራ አገኘ። ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይኑ ሳያይ ያደገ ልጅ ነው፤ ዋናም አይችልም። ፎቶ ሲልክልኝ ሁልጊዜ ከቁመቱ የሚተልቅ ብርቱካንማ የላስቲክ ቱታ ውስጥ ገብቶ ይስቃል።

መጨረሻ የተነጋገርን ዕለት ሥራውን ሊተው እንደሆነ ነገረኝ።

«ባሕሩ ያስፈራኛል» አለ። «ንፋስ ሲነሳ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ሰዎቹም አይተውኛል።»

ከአሥር ሰዓት ሺፍት መውጣቴ ነበር። ጉልበቴ አብጧል፣ ሆዴን ያመኛል፣ ርቦኛል። «እኔስ እዚህ የምጨፍር መሰለህ?» አልኩት። «ሰው ሁሉ እየፈራ ነው የሚሠራው። ከዚያ ወጥተህ የት ልትገባ ነው? ቻለው።»

«እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም። አኮረፈ አልኩ። ኩርፊያ የሚያውቅበት ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ በጫማ ተጣልተን ከገና እስከ ፋሲካ አላናገረኝም። አገር ቤት ያለችውን እናቴን ስጠይቃት፣ «ባሕር ላይ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ጓደኛው ደውሎ ደህና ነው ብሎኛል» ትለኛለች። እናቴ በወሬ መካከል ቶሎ ስልክ መዝጋት አመጣች። አርጅታለች፣ ይደክማታል ብዬ ተውኩት።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ እጅ ባለበት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ከሌሎች ጋር ሆኜ የሰው በር ያንኳኳሁበት ማለዳ አለ። የእኔ መርዶ ግን ቀን እየጠፋለት ከረመ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ወሬው ኮሎምበስ ሲደርስ የማህፀን ዕጢ ኦፕራሲዮን ሆኜ ተኝቼ ነበር፤ «ቁስሏ ይሻር» ተባለ። ቁስሌ ሲሽር ጾም ገባ፤ «በባዶ ሆዷ አትችለውም» ተባለ። ጾሙ ሲፈታ «በዓሉን እንዴት እናጨልምባታለን» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያፍር ጀመር። ያን ያህል የቆየ መርዶ ምን ተብሎ ይጀመራል?

ከእኔ በታች ባለው አፓርታማ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው ሴት አሉ። በሱዳን በኩል የመጡ፣ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ቀድመው ኮሎምበስ የገቡ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ሥራ የምሄደው በእሳቸው መኪና ነው። ያን ሰሞን መኪና ውስጥ ገና ሳልቀመጥ ስብከት ይከፍታሉ፤ እስከ ግሮቭፖርት ድረስ አንድ ቃል አንነጋገርም። መንፈሳዊ ሆነዋል አልኩ። ምሳ ቋጥረው ያመጡልኛል፣ ከባድ ካርቶን ሲመጣ ከእጄ ይቀሙኛል። ለኦፕራሲዮኔ አዝነው ነው አልኩ። ሰው መታለል ሲፈልግ ምክንያቱን የሚያቀርበው ራሱ ነው።

በስምንተኛው ወር እልህ ያዘኝ። አንድ ጊዜ ካልሲና ቪታሚን ስልክለት የጻፍኩት የደሴቲቱ አድራሻ ነበረኝ። ፈቃዴን ጠይቄ፣ ቲኬቴን ቆርጬ፣ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ። እንደ ፈረንጅ ቦርሳዬን አዝዬ ደሴቲቱን በእግሬ እዞራለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ «ይቅር በለኝ፤ ሥራውን ተወው» እለዋለሁ። የሄድኩት ለዚህ ነው። ያን «ቻለው» ያልኩትን ቃል ከጆሮው ላይ ልመልስ።

ለእትዬ ስነግራቸው መሪውን ይዘው ፓርኪንግ ውስጥ ቀሩ።

«የፈቃድ ቀንሽን፣ ፒቲኦሽን፣ ለዚህ ታቃጥያለሽ?» አሉኝ። «ካንስል አድርጊውና እናትሽ ጋ ሂጂ።»

«እናቴ ጋ በሚቀጥለው ዓመት።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል።»

«እኔ የምጎረጉረው ወንድሜን ነው፣ እትዬ» አልኩና ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

እዚያው ኮሎምበስ አጠገብ ኦቤትስ ትራክ የሚነዱ፣ ጋሼ የምላቸው የሰፈራችን ሰው በተራቸው መጥተው ኮሪያ ውስጥ ጦርነት ሊነሳ ነው አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዷ የእህቷ ሠርግ ላይ ሚዜ ሁኚ አለችኝ፤ የሠርጉ ቀን ግን አልተቆረጠም። እናቴ በስልክ ለመነችኝ፦ «ኮሪያ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ። እኔን እይኝ።» ግራ ገባኝ፤ ከዚያም ተናደድኩ። ላለፉት ዓመታት «ወንድምሽን አትርሺው» ስትል የኖረች እሷ ናት። የሰፈሩንም ሰው በልቤ ቀኑብኝ አልኳቸው። ከሥራ፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ለራሱ አንድ ነገር ያደረገ ሰው ሲያዩ አይወዱም ብዬ ደመደምኩ። ኋላ እንደሰማሁት፣ የበረራዬ ዕለት በማለዳ አራት ሆነው በሬን ሲያንኳኩ እኔ ገና ጎህ ሳይቀድ ኤርፖርት ገብቼ ነበር።

ወደ ደሴቲቱ የሚሄደው ጀልባ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከእኔ ሌላ የተሳፈሩት ሽንኩርትና የጋዝ ሲሊንደር የጫኑ ሽማግሌዎች ናቸው። ከቦርሳዬ ግማሹ የእሱ ነበር፤ በርበሬ፣ በሶ፣ ወፍራም የሱፍ ሹራብ፣ ልጅ ሆኖ የሚወደው ዓይነት ከረሜላ። ወደቡ ላይ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ከጣት የማይረዝም ዓሣ ይለቅማሉ፤ አበባ አበባ ሻሽ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የላስቲክ ጓንት። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ዓሣውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሌላዋ ቆመች። በመጨረሻ ሁሉም ቆሙ።

እኔና ወንድሜ እንመሳሰላለን፤ ግንባራችን አንድ ነው፤ ስለዚህ አልደነቀኝም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ከሁሉም ያረጀችው፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት፣ ጓንቷን አውልቃ ስልኩን በሁለት እጇ ተቀበለችና ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ሌሎቹ እጄን ያዙኝ። ዓሣ ዓሣ የሚሸት እርጥብ እጅ ነው። ይወዱታል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። እያንዳንዳቸውን እያየሁ ፈገግ አልኩላቸው። ስለዚያ ፈገግታ ሳስብ ዛሬም ፊቴን እሸፍናለሁ።

አሮጊቷ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ላይ አወረደችና እምቢ ብላት ራሷ ተሸከመችው። በጠባብ መተላለፊያ ወስዳ ግቢዋ አስገባችኝ። እንግዳ የምታሳድር ሴት ናት፤ ወንድሜም የሚኖረው ከግቢዋ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ክፍሏን ከፈተችልኝ። ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ልብሱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ ያ ብርቱካንማ ቱታ የለም። ጀልባ ላይ ነው፣ ለብሶት ሄዷል አልኩ። የሚለቅ ሰው ነው ልብሱን በካርቶን የሚያኖር፤ ስለዚህ ሥራውን ሊተው ወስኗል ብዬም ተጽናናሁ።

አሮጊቷ የባሕር ቅጠል ሾርባ አቀረበችልኝና ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። የምንግባባው በስልክ አስተርጓሚ ነው፤ እሷ በኮሪያኛ ትናገራለች፣ ስልኬ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል።

«እህቱ ነሽ?»

«አዎ፣ ታላቅ እህቱ።»

«ሰው የሚመጣለት አልመሰለንም ነበር» አለች።

ጥፋተኝነት ተሰማኝ። «አሞኝ ነበር፤ ሥራም አይለቅም» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «መቼ ነው የሚመለሰው?» ብዬ ስጠይቃት ስልኩን ደጋግማ አዳመጠችው፤ ከዚያ ተነስታ ወጣች።

ይዛ የመጣችው የመንደሩን አለቃ ነው። ስድሳውን ያለፈ፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው። ኮፍያውን አውልቆ ፊቴ ተንበረከከ። ስልኬን ወለሉ ላይ አኖረና ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሲናገር ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ሲጨርስ ስልኬ በዚያች ሁልጊዜ ደስተኛ በሆነች የሴት ድምፅ ነገረኝ። ወንድምሽ በንፋስ ቀን ከጀልባ ወደቀ። የደሴቲቱ ጀልባዎች በሙሉ አሥራ አንድ ቀን ፈለጉት። ባሕሩ አልመለሰውም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሳቅኩ። ያ ስልክ ቅድም ሾርባውን «የባሕር ፀጉር» ብሎኛል፤ ስለዚህ እንደገና ይናገር አልኩ። አለቃው እንደገና ተናገረ። ስልኩ እንደገና ያንኑ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው አሮጊቷ እጄን ያዘችና ግድግዳው ላይ ያለ የቀን መቁጠሪያ አውርዳ አንድ ቀን ላይ ጣቷን አኖረች። ቆጠርኩ። «ቻለው» ካልኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም። አሮጊቷ ወገቤን ይዛ እንደነበር፣ የሷ እንባ አንገቴ ላይ ይፈስ እንደነበር አውቃለሁ። ስረጋጋ አለቃው ሁለት ጓደኞቹ ከሴኡል መጥተው አልቅሰው እንደሄዱ ነገረኝ። «አሜሪካ ላለችው እህቱ እኛ እናሳውቃለን ብለውን ነበር» አለ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ስብከቱ፣ የተቋጠረልኝ ምሳ፣ ያልተቆረጠው ሠርግ። ስምንት ወር ሙሉ በሰው ፊት ወንድሜን በሕያው አንስቼ ተሳድቤያለሁ፤ «ያ ኩርፊያም» እያልኩ አስቄባቸዋለሁ። እነሱም ስቀውልኛል። በዚያች ሰዓት ከሞቱ ይልቅ የነሱ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ፤ እንዲህ ማለት ነውር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ መጥተው ከደሴቲቱ ጀርባ ወዳለ ድንጋያማ ዳርቻ ወሰዱኝ። የነሐስ ሳህን ሩዝ ሞልተው በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። አሮጊቷ በስልኩ አስረዳችኝ፤ ባሕር የያዘው ሰው የሚወጣው ዘመድ ሲጠራው ነው፤ ሳህኑ ባሕር ውስጥ ይወርዳል፣ ዘመድ ይጣራል፣ ሲወጣ ሩዙ ውስጥ አንዲት ፀጉር ከተገኘች ነፍሱ ተለቃለች ማለት ነው። ስምንት ወር የጠበቁት ለዚህ ነው፤ እነሱ ቢጠሩት አይሰማቸውም። የእኛ እምነት ይህን አይፈቅድም፤ ለንስሐ አባቴ ምን እንደምል አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ሳህኑን በገመድ አወረዱት፤ እኔም ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራበትን የልጅነት ስሙን ጠራሁ። መጀመሪያ አፍሬ ቀስ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ግን የእናቴ ድምፅ ነው የወጣኝ፤ ለእራት ስትጠራው ታወጣው የነበረው ዓይነት። ሴቶቹ ከኋላዬ ማልቀስ ጀመሩ፤ የኛው ለቅሶ ነው ማለት ይቻላል፤ ደረት መምታቱም አለ። ለወንድሜ ያለቀስኩት እውነተኛ ለቅሶ ያ ብቻ ነው፤ የምናገረውን አንዲት ቃል ከማይሰሙ ሰዎች ጋር።

ሳህኑ ሲወጣ ጨርቁን ፈትተው ሩዙን በጣታቸው በተኑት። ቀስ ብለው፣ ፍሬ በፍሬ ለዩት። ምንም የለም። እንደገና አወረዱት፣ እንደገና ጠራሁ። ምንም የለም። አሮጊቷ ሩዙን ባሕሩ ላይ አፈሰሰችና ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ሴቶቹ ወደ ዓሣቸው ተመለሱ፤ ዓሣው ሳይለቀም ካደረ ይበላሻል።

ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ተቀምጬ ስለ እናቴ አሰብኩ። ጓደኛው እየደወለ «ደህና ነው» ይላታል። ስለዚህ እሷም እንደ እኔ እየተታለለች ነው ማለት ነው። ደም ግፊቷ ከፍ ይላል፣ ከአንዲት የአክስቴ ልጅ ጋር ብቻዋን ናት። በስልክ ብነግራት ትወድቃለች። ኮሎምበስ ያሉትን ሁሉ በልቤ ስረግም ቆይቼ፣ የእናቴ ነገር ሲመጣ ያሰብኩት እነሱ ያሰቡትን ነው፤ እስኪመች ድረስ ትቆይ። ሄጄ በእቅፌ አድርጌ እነግራታለሁ። እስከዚያ ግን እሱን ፍለጋ መሄዴን ስለምታውቅ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አገር ቤት ገና ጠዋት ነው፤ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አገኘሁት» አልኳት።

«ማንን?» አለች።

«ማንን ትያለሽ? ልጅሽን ነዋ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«በዓይንሽ አየሽው?» አለች።

«በዓይኔ።»

«ነካሽው?»

«አቀፍኩት። ከስቷል፤ ግን ደህና ነው። እጁ ሻካራ ሆኗል።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኳት።

«ድምፁን አሰሚኝ።»

«ባሕር ላይ ወጥቷል እማዬ። ነገም አይመለስም። ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ይቅር ተባብለናል።»

ስልኩ የወደቀ ይመስለኛል፤ የወለሉን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እልልታ ሰማሁ፤ የእሷን፣ ከዚያ የአክስቴን ልጅ፣ ከዚያ በር ተከፍቶ የጎረቤቶችን። እናት ልጆቿ ሲታረቁ እንዲህ ደስ ይላታል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም በዚያች ሰዓት ከደረሰብኝ ሁሉ መካከል አንድ ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ደሴቲቱን በእግር መዞር የሚባለውን ተውኩት። በርበሬውንና በሶውን ለአሮጊቷ ሰጠኋት፤ በሶውን አሽትታ በጥንቃቄ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ሹራቡን ለአለቃው። ለመሄድ ጀልባው ላይ ስወጣ ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ፤ ማንም እጁን አላወዛወዘም።

ኮሎምበስ ኤርፖርት እትዬና ጋሼ ጥቁር ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ፤ ፊቴን ሲያዩ ማወቄን አወቁ። እትዬ እግሬ ላይ ወደቁ። ልገፋቸው ፈልጌ ነበር፤ ጉልበት አልነበረኝም። ዋይትሆል ቤቴ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሰው ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። የሚያለቅስልኝ ሰው ሁሉ ያለቀሰው ድሮ ነው፤ ለእኔ ሲል እንደገና ነው የሚያለቅስ። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲቀንስ እትዬን ጠራሁና፣ «በሉ እንግዲህ፣ ለእማዬ የሚነገርበትን መላ እንምታ። እስክሄድ አገር ቤት ያሉት እንዳይነግሯት ይጠንቀቁ» አልኳቸው።

እትዬ ጋሼን አዩ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

«ለእናትሽማ ምን ይነገራል ልጄ» አሉኝ እትዬ። «ከእኛ በፊት የሰማች እሷ። ከል ለብሳ፣ አልቅሳ፣ ተዝካሩንም አውጥታ...»

«ደህና ነው ብሎኛል ጓደኛው ትለኝ ነበር።»

«ላንቺ ብላ ነው እንጂ። ቀኑ ካለፈብን ወዲያ ያስማለችንም እሷ ናት። 'ብቻዋን እዚያ እንዳትገድሏት፤ መጥታ በእቅፌ ሆና እኔው ነኝ የምነግራት' ብላ።»

ከደሴቲቱ ደውዬ ያልኩትን ነገርኳቸው። እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። «ምን አልሻት?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ማርያምን ማለቴንም ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጋሼ ኮታቸውን አንስተው ሰላም ሳይሉን ወጡ።

አስከሬን የለም። ቀብር የለም። እናቴ ስምንት ወር ያለቀሰችው በሰው ወሬ ነው፤ ከልቧ አምና አታውቅም ነበር። አንዲት ትልቅ ልጇ እስከዚያ ድረስ ሄዳ፣ በዓይኗ አይታ፣ ነክታ፣ በማርያም ምላ ስትነግራት የማታምን እናት የለችም። የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ደወለችልኝ፦ «እውነት ነው? ሞተ ያሉን ታዲያ ማን ነው?» እናቴ ያን ዕለት ከሏን አውልቃ ለነዳያን ሰጥታለች። የተሳለችውን ጥላ ለቤተ ክርስቲያን አስገብታለች። በግ ታርዶ ሰው ተጠርቷል፤ ተዝካሩን የበሉት ሰዎች ናቸው የምስጋናውንም የበሉት። የአክስቴ ልጅ ጠይቃኝ አልመልስ ስላት ገባት። «እኔ አልነግራትም» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው።» እውነቷን ነው።

የንስሐ አባቷን በስልክ ለመንኳቸው። ሄደው፣ ተመግበው፣ ባርከው ተመለሱ። «'ልጅሽ በእመቤታችን ስም የማለችው ሐሰት ነው' ብዬ ልጀምር?» አሉኝ። «አንድ ጊዜ የተረዳች እናት ሁለተኛ መርዶ አትችልም። ሰንበት በይ።» ይኸው ሰንበት ብያለሁ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከብዷል። ፈቃዴ አልቋል እላለሁ፣ የሥራ ጊዜ ነው እላለሁ። ፈርቼ ነው። እናቴ እቅፌ ውስጥ ስትሞት ይታየኛል፤ ቲኬት ልቆርጥ ስነሳ ያ ይመጣብኛል። እትዬ አሁንም ግሮቭፖርት ያደርሱኛል። ስብከት መክፈት ትተዋል።

እናቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ እዚህ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ድምፅዋ አሥር ዓመት ታድሷል። ምን እንደሚበላ፣ ብርዱን እንዴት እንደቻለው ትጠይቀኛለች፤ እነግራታለሁ። በላስቲክ ጫማው ውስጥ የሱፍ ካልሲ ይደርባል፣ ሾርባ መውደድ ጀምሯል፣ ወለሉ ከሥር ይሞቃል። ለምን ለእሷ እንደማይደውል ስትጠይቀኝ ጥፋተኛ ስለሆነ ያፍራል እላታለሁ። «ምን አጠፋ የኔ ልጅ» ትላለች።

ባለፈው እሑድ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ እጇን የት እንደምታደርገው አጥታ ከፊት ለፊቷ አቆላልፋዋለች። እናቴ ለወንድሜ ብላ የልጅቷን ቤተሰቦች አነጋግራለች። ሽማግሌ ሄዷል፣ እሺ ብለዋል፤ የሚቀረው የእሱ ቃል ነው። ልጅቷም ሌላ የመጣላትን ሰው መልሳ እየጠበቀች ነው።

«ላኪለት» አለችኝ። «ዛሬ መልሱን ንገሪኝ፤ ሰዎቹን ማቆየት ነውር ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና አንድ ሰዓት ያህል ፎቶውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ዛሬ እነግራታለሁ አልኩ። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ደወልኩ። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳችው፤ ስልኩን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ምን አለ?» አለችኝ።

ወዷታል አልኳት።